አባዬ ሊጥ የሚለው ብር

ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ላይ ጎኑ ተቆርጦ በር የተበጀለት ኮንቴይነር ነበረን፤ እኔና አባዬ። አባዬ አንጥረኛ ነው። ከአባቱ ተማረ፣ አባቱም ከአባቱ። እኔ አንድ ልጁ ነኝ፣ ያውም ሴት፤ ስለዚህ መዶሻ ሳልነካ አደግኩ። በእኛ ቤት ብር ማቅለጥና መቀጥቀጥ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ሽቦ ታጠምዛለች፣ ታጥባለች፣ ትወለውላለች፣ ደንበኛ ታናግራለች። ወንድ ልጅ ስለሌለው ደንቡን ለእኔ ሲል ያላላዋል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ! «እጅሽ ቀጭን ነው» ይለኛል። ውሃ በጀሪካን ስሸከም ግን የእጄ ቅጥነት ትዝ ብሎት አያውቅም።

ጁባ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ቀድሜ የመጣሁት ቡሉክ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ካሸር ሆኜ ነበር። የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም ከተፈረመ ወዲህ ከተማው በከዋጃ ተጥለቅልቋል፤ እዚህ ፈረንጅን ከዋጃ ነው የሚሉት። ከዋጃ ደግሞ በእጅ የተሠራ ነገር ሲያይ ዓይኑ ይበራል። አዲስ አበባ ግን ከዱባይ የሚመጣው ጌጥ የአባዬን ሱቅ ባዶ አስቀርቶበት፣ ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ሐብል ሲበይድ ይውል ነበር። ደወልኩለት። «አባዬ፣ እዚህ ገዢ አለ፣ ሠሪ የለም፤ ና» አልኩት። መዶሻዎቹን፣ ጉጠቱንና ብር የሚቀጠቅጥበትን መስፉን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ጆንያውን ሊያነሳ ሞክሮ አቃተውና «ዴ ሹኑ?» ብሎ ጮኸ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። አባዬ ቋንቋው ባይገባውም ጥያቄው ገብቶታል። «አባቴ ነው» አለ በአማርኛ፣ ኮስተር ብሎ። ይህን ሳስታውስ እስቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሆዴ ይባባል። በስተርጅናው ከአገሩ የነቀልኩት እኔ ነኛ! ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር፤ አንድ ቀን «እዚህም አላስፈልግም» ብሎ ያንን ጆንያ መልሶ እንዳይቋጥር።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እሱ ያቀልጣል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይበይዳል። ብር ከእሳት ሲወጣ ጠቁሮ ነው የሚወጣው፤ እሱን ተቀብዬ በውሃ በቀጠነ የባትሪ አሲድ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ከዚያ በእርጥብ ደቃቅ አሸዋ እፈትገዋለሁ። በምን? በአውራ ጣቴ። አባዬ ጨርቅ አይወድም፣ ብሩሽ አይወድም። «ጨርቅ የቱ ጋ እንደቀረ አያውቅም፤ ጣት ያውቃል» ይላል። አንዴ ጓንት አድርጌ ብቅ ብል «ምነው፣ ኦፕራሲዮን ልትገቢ ነው?» ብሎ ሳቀብኝና አፍሬ አወለቅኩት። ትንሽ ቆይቶ የአውራ ጣቶቼ ቆዳ ሳሳ፣ መስመሮቹ ጠፉ፣ ጣቴ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለሰለሰ። ሎሚ ስጨምቅ ያንገበግበኛል። ሙያ ነው ብዬ ቻልኩት። አባዬ ራሱ በወጣትነቱ፣ አባቱ መዶሻ እስኪያስይዙት ድረስ፣ እንደዚያው ነበር አሉ።

ከዚያ አንዲት ከዋጃ መጣች። የእርዳታ ሥራ ላይ ያለች፣ ወንዝ ዳር በድንኳን ካምፕ የምትኖር ሴት ናት። አባዬ የተሰበረ አምባሯን እስኪጠግንላት ድረስ እኔ ሽቦ ሳጠምዝ ቆማ ታየኛለች። «የራስሽን ሥራ አትሠሪም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሽቦዬን ማጠመዜን ቀጠልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ካምፗ ጠራችኝና ከአንዲት ትንሽ ፓኬት ውስጥ ግራጫ ጭቃ አወጣች። ብር ነው አለችኝ። አላመንኳትም። ለካ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብር ነው፤ ከውሃና ከሚያጣብቅ ነገር ጋር ተለውሶ ሊጥ ይመስላል። በእጅ ይበጃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጡብ ላይ ተደርጎ በጋዝ ነበልባል ይተኮሳል። የሚያጣብቀው ነገር ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ብሩ እርስ በርሱ ይያያዛል። መስፍ የለ፣ መዶሻ የለ፣ ቀጭን እጅ ወፍራም እጅ የሚል የለ! ካምፑ ውስጥ ከነበረው የማንጎ ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ ጭቃው ላይ ተጫንኩት። ከእሳት ወጥቶ ስቦርሸው የቅጠሉ ጅማቶች አንዳቸው ሳይቀሩ ብሩ ላይ ነበሩ። ከዋጃዋ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዕድሜዬን የሰው ሥራ ስወለውል ኖሬ፣ እኔ ሠራሁት የምለው የመጀመሪያው ጌጥ እሱ ነበር።

ሴትየዋ ኮንትራቷ አልቆ ስትሄድ የቀሯትን ፓኬቶች በካርቶን፣ የጋዝ መተኮሻዋንም ጭምር ትታልኝ ሄደች፤ ሲያልቅብኝም በመንገደኛ ትልክልኛለች። አባዬ ፊት የመጀመሪያውን ፓኬት የከፈትኩበት ቀን ፈጽሞ አይረሳኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ጠፍጥፌ እንደ ሳንቲም ክብ አደረግኩት። ሥራውን ትቶ መጣ፣ ከላይ ሆኖ አየው፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይሄ ነው ብር?»

«አዎ፣ ይሄ ነው።»

«ይሄማ ሊጥ ነው!» አለና አውራ ጣቱን መሃሉ ላይ ጭምቅ!

አቤት የተናደድኩት መናደድ! «አባዬ ተው እንጂ! ዕቃ እኮ ነው የምታበላሸው!» ብዬ ጮህኩበት። እየሳቀ ጣቱን ሲያነሳ መስመሮቹ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብለው ቀርተዋል፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልጅ ሳለ መቀስ የቆረጠው ጠባሳ። ለአፍታ አየሁት። ከዚያ በንዴት ጨፍልቄ መልሼ አቦካሁት። የሰው አሻራ እያጠፋሁ እንደሆነ አልታየኝም፤ የታየኝ ጭቃዬን ማትረፌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮንቴይነሩ የክርክር ቤት ሆነ። አንድ ቀን የእሱን ቀለበትና የእኔን ቀለበት አንስቶ መስፉ ላይ ጣላቸው። የእሱ እንደ ደወል አቃጨለ። የእኔ ጧ ብሎ ቀረ።

«ስሚው እንግዲህ! የኔ ተደብድቦ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ያንቺ ውስጡ አየር ነው።»

«ሰው ቀለበት የሚገዛው ሊያደርገው ነው ወይስ ሊጥለው?»

«ሲወድቅስ? ደግሞ ይሄ ሊጥሽ እሳት ሲነካው ያንሳል። እሳት አይቶ የሚሸማቀቅ ብር አይቼ አላውቅም!»

እውነቱን ነው፣ ያንሳል። የሚያጣብቀው ነገር ሲቃጠል ብሩ ይሰበሰባል፤ ቀለበት ስሠራ አስፍቼ ነው የምሠራው። ይህን ስነግረው በሳቅ ሞተ። «እና ሰው የናቱን ብር ይዞ መጥቶ ‹አቅልጪልኝ› ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ፓኬት ግዛ?» ይለኛል። እዚህ ላይ ረታኝ፤ የእኔ ጭቃ ታሽጎ የሚመጣ ነው፣ የማንንም እናት አያውቅም። ስሸነፍ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «አንተስ የቅጠል ጅማት በመዶሻ ታወጣለህ?» አልኩት። «ቅጠል ያማረው ዛፍ ሥር ይሂድ!» አለኝ። ለደንበኛ ሁሉ «የሊጥ አንጥረኛዋ ልጄ» እያለ ያስተዋውቀኛል፤ እኔም «የመዶሻው አባቴ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። ግን አንዴ አቅጥኜ የሠራሁት ቀለበት ተሰንጥቆ ተመለሰብኝ። ባለቤትየው «ጋሊ! ጋሊ!» እያለ ሰፈሩን አደባለቀው፤ ውድ ነው፣ ለዚህ ነው ያን ያህል የከፈልኩት ማለቱ ነው። አባዬ የእኔኑ መልክ አስመስሎ አዲስ ቀጥቅጦ ሰጠልኝ። «አላልኩሽም?» እንኳን አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እያደር ደንበኛው ወደ እኔ ጠረጴዛ ዞረ። ከዋጃው የቅጠልና የላባ ጌጥ ይፈልጋል፤ የከተማው ሰው የልጁን የእግር ጣት አሻራ። እኔ ጭቃዬን ስጠፈጥፍ የአባዬ ሥራ አሲድ ውስጥ ይቆያል። «መጣሁ አባዬ» እላለሁ፣ ሳልመጣ ይመሻል። ጭቃው በጁባ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፣ ትቼው መነሳት አልችልም እላለሁ፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ስለተመቸኝም ነው ሙጭጭ ብዬ የያዝኩት። አንድ ቀን ዞር ስል አባዬ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ይፈትጋል። ክው አልኩ።

«ተው አባዬ፣ እኔ እሠራዋለሁ።»

«ሊጥሽ ይደርቅብሻል» አለ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወዲህ ውልወላው የእሱ ሆኖ ቀረ። ማንም አልወሰነውም። የእኔ አውራ ጣት ቆዳ አገገመ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ደስ አለኝ፤ ሲናገሩት ያስጠላል እንጂ ደስ አለኝ። ሎሚ ስጨምቅ አያቃጥለኝም። እሁድ እሁድ ግን በአማርኛ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ስለ አባትና እናት ሲሰበክ ወንበሬ ይቆረቁረኛል። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ በመዝሙሩ ሲያጨበጭብ የእጁን ድምፅ ሰምቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰባኪው ያየኛል ብዬ ሳይሆን ጌታ ያየኛል ብዬ ነው። ሰኞ ሲመጣ ደግሞ ያው ፓኬቴን እከፍታለሁ።

የካቲት ላይ አንዲት ሙሽራ መጣች። ጥር ላይ አገሩ ሁሉ ተሰልፎ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ደቡብ ሱዳን ለብቻዋ አገር ትሁን አትሁን ብሎ ወረቀት ላይ አሳርፎ ነበር፤ ከተማው ገና ከዚያ ደስታ አልበረደም። ልጅቷ በስደት ኢትዮጵያ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማያንስ ናት። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ብላ እጅ ነሳችው። ከቦርሳዋ ወፍራም የብር አምባር አወጣች። «የእናቴ ነው። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ስንቱን ስትሸጥ ይህንን ግን አልሸጠችም። እሷ ሠርጌን አላየችም፤ ከዚህ ሁለት ቀለበት ይውጣልኝ፣ የኔና የእጮኛዬ።»

የአባዬ ፊት እንዴት በራ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ የቀለበት ሥራ፣ ያውም ከእናት ብር! አምባሩን መስፉ ላይ ኳ አደረገና ጆሮውን አቀና። «ይሄ ንጹሕ ብር ነው ልጄ። ፍርፋሪው እንኳን አይጣልም፣ እናትሽ ሙሉዋን ትገባበታለች» አላት። ወደ እኔም ዞሮ ቅንድቡን አነሳ፤ ‹መልስ ካለሽ ወዲህ በይ› ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ልጅቷ ግን ለመውጣት ስትዞር ጠረጴዛዬ ላይ የደረቀ የሕፃን ጣት አሻራ አየች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ቆማ ቀረች።

«አባቴ ታሟል» አለች ቀስ ብላ። «ማንጋቴን ሰፈር፣ እኔ ጋ ነው የተኛው። ድምፅ ሊሰጥ ሰው ደግፎት ነው የሄደው። ‹ለዚህች ጣት ስል ነው እስከ ዛሬ ያልሞትኩት› ይላል። የእሱን ጣት ማውጣት ይቻላል?»

«ይቻላል!» አልኩ። አባዬ አፉን ሳይከፍት ነው ያልኩት።

«ከእናቴ ብር?»

«ከእናትሽ ብር አይሆንም» አለ አባዬ። «ብር ጣት አይቀበልም፣ መዶሻ ነው የሚቀበለው። አሻራ የሚይዘው ሊጥ ብቻ ነው።» አነጋገሩ ክርክር አልነበረበትም፤ ለማስረዳት ያህል ነው የተናገረው። በመጨረሻ ሁለቱንም አዘዘች፤ ቀለበቶቹን ለእሱ፣ የአባቷ አሻራ ያለበት የአንገት ጌጥ ለእኔ።

በማግሥቱ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ማንጋቴን ሄድኩ። ሽማግሌው ቱኩል የሚሉት የሣር ጎጆ በር ላይ ጥላ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶላቸው ተኝተዋል። «ሰላም ታኪ» አሉኝ በዓረብኛ፣ ሐበሻ መሆኔን ሲያዩ ደግሞ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ፣ አዲሳባ ደህና ነው?» አሉ። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት። «አባባ፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አልኳቸው። «ደግሞ ምን ልመርጥ ነው?» ብለው ሳቁ። ጣታቸው ረዥም፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነው። ሲያነሱት መስመሩም ስንጥቁም ሁሉም ወጣ። ልጅቷ አጠገባቸው ተንበርክካ አየችና ጉልበታቸውን ሳመች።

ጌጡ ሲጠናቀቅ ያን ያህል ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ከሽማግሌው ጣት ትንሽ አንሷል፣ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። የአባዬ ቀለበቶችም እንደዚያው አምረዋል፤ መጋጠሚያ የሚባል አይታይባቸውም፣ ቢወድቁ ኮንቴይነሩን የሚያናጋ ድምፅ አላቸው። ሌላ ማንም እንዲነካቸው አልፈቀደም፣ ለሁለት ቀን ያህል በጣቱ ሲፈትጋቸው ነበር።

ሙሽራዋ የመጣችው ጥቁር ለብሳ ነው። አባቷ ከሦስት ቀን በፊት አርፈዋል። ጌጡን ዘረጋሁላት። አየችው። አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አሳርፋ «አባ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አንገቷ ላይ አሰርኩላት፣ ተቃቅፈን አለቀስን። በስተመጨረሻ አባዬ ቀለበቶቹን በትንሽ ከረጢት አድርጎ ሰጣት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ» ብላ ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና አንገቷ ላይ ያለውን እየዳሰሰች ወጣች።

ልጅቷ ምን በወጣት፣ ሐዘን ላይ ናት። አባዬም አልቀየማትም። ግን ዓይኑን አየሁት። የእናቷን ብር ሳያባክን ያወጣላትን፣ እስኪያበራ በጣቱ የፈተገውን፣ ከፍታ ታየዋለች ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። በገዛ እጄ ነጠቅኩት አልኩ በልቤ፤ ከአገሩ አምጥቼ፣ ሥራውን ትቼበት፣ ደንበኛውን ወስጄ፣ አሁን ደግሞ ምስጋናውን። ጭቃውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

«ያ የሽማግሌው ጣት ጥሩ ወጣ» አለኝ ወደ ማታ፣ መዶሻዎቹን እየሰበሰበ።

«ቀለበቶቹም እኮ...»

«ተይ ባክሽ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ልግባ መሰለኝ እንግዲህ። አገሬ ልግባ። ሱቁን አንቺ ያዥው፤ ያለ እኔም ይሠራል።»

ስፈራው የነበረው መጣ። ለምኜ ተለማምጬ አቃተኝ። «የቀሩኝን አምባሮች ጨርሼ» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። ጆንያው ከአልጋው ሥር ወጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ የትም ብዞር እሱን አያለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ፓኬት ስፈልግ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ሆና አገኘኋት። ከፍቼ ጠፍጥፌ ሳበቃ አባዬ ከውጭ ገባ። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በሸሚዙ እያደረቀ ነው። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም ላሳርፍ እንዴ?» አለ።

«ምኑን?»

«ጣቴን ነዋ። ያ ሽማግሌ እንዳደረገው። ስሄድ እንዲቀርሽ።»

ጭቃውን ወደ እሱ ገፋሁለት። ያን የመጀመሪያ ቀን እንደ ቀልድ የጨመቀው ሰውዬ አልመስል አለኝ፤ አሁን እንደ ልጅ ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው ጣቱን ያሳረፈው። ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አነሳው።

ጭቃው ላይ ለስላሳ ጉድጓድ ብቻ ነበር። መስመር የለ፣ ክብ የለ፣ ያ የመቀስ ጠባሳ እንኳን የለ። ውሃ ያለሰለሰው ድንጋይ የመሰለ ባዶ ነገር። እጁን አየሁት፤ አውራ ጣቱ የማንኪያ ጀርባ ሆኖ ያብለጨልጫል። የእኔ ጣት ነው ያ! እኔ ጥዬው የሄድኩት ጣት ነው እሱ ላይ የተቀመጠው! አሲዱና አሸዋው እኔ የተውኩላቸውን ቆዳ አንድም ሳያስቀሩ በልተውታል። የዛሬ ስንት ዓመት ቁልጭ ብሎ የተሰጠኝን አሻራ ደግሞ ‹ዕቃዬን አበላሸህ› ብዬ በእነዚህ እጆቼ ጨፍልቄዋለሁ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየ። ረዥም ጊዜ አየው።

«ጭቃሽ አልያዘውም» አለ።

እነዚያን ዓመታት ሁሉ ለዚህ ጭቃ ስከራከር የኖርኩት እኔ፣ የሕፃን ፀጉር እንኳን ይይዛል እያልኩ የምምለው እኔ፣ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። «ልክ ነህ አባዬ» አልኩት። «ሊጥ ነው።»

«አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

ፈገግ አለ፤ አሸናፊ ይመስል ራሱን ነቀነቀና ወደ መስፉ ሄደ። የቀሩት አምባሮች አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። እኔም ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ ተነሳሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ አንዱን አምባር በጉጠት አውጥቼ አለቀለቅኩት፣ አሸዋውን ሳህን ላይ አረጠብኩ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምፈትገው፣ ከፈለገ ይሂድ፣ ከፈለገ ይቅር፣ እሱ ግን ከዚህ በኋላ አይነካውም አልኩ። አውራ ጣቴን ብሩ ላይ ሳሳርፍ ከኋላዬ መጣና ሳህኑን ከእጄ ወሰደው።

«ተይው» አለኝ። «ያንቺ እንኳን ይትረፍ።»